ቤተሰብ ይዞ አቴንስ ታቬርና መብላት፦ ቤት ከመምረጥ እስከ ሒሳብ መክፈል

ሀምሌና ነሀሴ ሲመጣ እዚህ አቴንስ ያለን ሰዎች ቤት እንግዳ አይጠፋም። የዛሬ ጥቂት አመት የኔም ቤት እማዬ ከአዲስ አበባ፣ እህቴ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ከቨርጂኒያ፣ አጎቴ ደሞ ከስቶክሆልም በአንድ ሳምንት ውስጥ ዱብ ዱብ አሉና እኔም ደስ ብሎኝ "ዛሬ የግሪክ ምግብ ልጋብዛችሁ" ብዬ ሰፈር ውስጥ ወዳለ ታቬርና ይዣቸው ሄድኩ። ምን ሆነ መሰላችሁ፣ እህቴ አሜሪካ እንደለመደችው ለያንዳንዱ ሰው የየራሱን አዘዘች፣ ሰባት ሰላጣ ሰባት ሰሀን መጥቶ ጠረጴዛው ቦታ አጣ፣ ግማሹ ተረፈ፣ አጎቴ ቢፍቴኪ ሚለውን አይቶ ቢፍ ስቴክ መስሎት አዞ ጥርግ አርጎ ከበላ በኋላ ነው አሳማ እንዳለበት ያወቀው፣ እማዬ ደሞ ፍልሰታ ስለነበር ዳቦና ወይራ ይዛ ቁጭ። ሒሳቡን አልነግራችሁም።

ከዛ ወዲህ ግን ስንቱን ዘመድ ይዤ ገብቻለሁ፣ አሁን ገብቶኛል። ዋናው ነገር አንድ ነው፣ ታቬርና ገበታ ነው። ምግቡ የሚታዘዘው ለጠረጴዛው እንጂ ለሰው አይደለም። እኛ ይሄን ለመረዳት ከማንም ፈረንጅ በላይ ቅርብ ነን ግን ሜኑ ስናይ እንረሳዋለን። በሉ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. የቤቱን አይነት ለዩ

ግሪክ አገር የቤቱ ስም ራሱ ምን እንደሚበላ ይነግራችኋል። ታቬርና ሚባለው ሰላጣውም ጥብሱም በምጣድ የተሰራውም ያለበት የቤተሰብ ቤት ነው። ፕሳሮታቬርና ካለ ፕሳሪ አሳ ማለት ነው፣ ስለዚ የባህር ነገር ነው ሚበዛው። ፕሲስታሪያ ጥብስ ቤት ነው። ሀሳፖታቬርና ሚባለው ደሞ በቃ የኛው ስጋ ቤት ነው፣ ስጋው በኪሎ ታዞ ተጠብሶ ይመጣል። ማዪሪዮ ጠዋት ተሰርቶ በትሪ ተደርድሮ ሚጠብቅ የቤት ምግብ ነው፣ ብዙዎቹ ለምሳ ብቻ ነው ሚሰሩት፣ ገብታችሁ በጣት እያሳያችሁ ማዘዝ ስለምትችሉ ቋንቋ ለማይችልና ለፆመኛ ከዚ ሚሻል የለም። ሱቭላጂዲኮ ሚባለው በፒታ ጠቅልሎ ሚሰጠው ፈጣን ቤት ነው፣ ጥሩ ነው ግን ለዛሬ አይሆነንም፣ እናት ይዞ ቆሞ አይበላም።

ሰፈርን በተመለከተ፣ ፕላካና ሞናስቲራኪ ውስጥ ፎቶ የተለጠፈበት ሜኑ ይዞ በር ላይ ቆሞ "ማይ ፍሬንድ" እያለ ሚጎትታችሁ ካለ እለፉት። ጥሩ ታቬርና ሰው አይጎትትም። እዛ አካባቢ ጥሩ ቤት የለም ማለቴ አደለም ግን ለመለየት አይን ይፈልጋል። ፔትራሎና ወይ ኪፕሴሊ ሂዱ፣ ኪፕሴሊ ከየአገሩ የመጣ ሰው ከግሪኩ ጋር ተቀላቅሎ ሚኖርበት ሰፈር ስለሆነ ሻሽ ያሰረች እናት ይዛችሁ ስትገቡ ማንም ዞሮ አያይም። ምልክቱ ቀላል ነው፣ ጠረጴዛው ላይ የወረቀት ልባስ ካለ፣ አያት ከልጅ ልጅ ጋር ተቀምጠው ካያችሁ፣ ሜኑው አጭር ከሆነ ግቡ። ስጋ ወዳድ ቤተሰብ ካላችሁ ደሞ ከአቴንስ በስተደቡብ ቫሪ ላይ ቭላሂካ ሚባል ቦታ አለ፣ ጥብስ ቤት በጥብስ ቤት ነው፣ በጉ በር ላይ በእንጨት ተሰክቶ ሲዞር ታዩታላችሁ። መኪና ከተገኘ እሁድ ምሳ እዛ ነው።

2. ሰዓት

ግሪኮች ምሳ ሚበሉት በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ነው፣ እራት ደሞ ማታ 3 ሰዓት ላይ ገና መጀመሩ ነው። በምሽቱ 1 ሰዓት ብትሄዱ ቱሪስትና እናንተ ብቻ ናችሁ፣ ግን ልጆች ካሉ ምንም አይደል ሂዱ፣ ቦታ ታገኛላችሁ አስተናጋጁም ጊዜ ይኖረዋል። ለኔ ከሁሉም ሚመቸኝ የእሁድ ምሳ ነው። አርብ ቅዳሜ ማታ ከሆነና ከአራት ሰው በላይ ከሆናችሁ ደውላችሁ ቦታ አስይዙ። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 15 ፓናይያ ነው፣ የእመቤታችን በአል፣ በዛ ሰሞን አቴንስ ባዶዋን ነው ምትቀረው፣ ሰዉ ሁሉ ወደ ደሴትና ወደ አገር ቤቱ ስለሚሄድ ብዙ ታቬርና ይዘጋል። ዘመድ ተሰብስቦ የተዘጋ በር ላይ መቆም ያሳፍራል (አውቀዋለሁ)።

3. ስትቀመጡ

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ያነጥፉና ዳቦ በመሶብ መሳይ ቅርጫት ያመጣሉ። ዳቦው ነፃ አይደለም፣ ኩቬር ይሉታል፣ በሰው ትንሽ ሳንቲም ወይ አንድ ዩሮ ገደማ ሒሳቡ ላይ ይገባል። ካልፈለጋችሁ መልሱት፣ እኔ ግን አልመልስም ምክንያቱም ዳቦው የዛሬ እንጀራችሁ ነው። ውሀ የታሸገ ሊያመጡ ይችላሉ፣ የአቴንስ የቧንቧ ውሀ ይጠጣል፣ "ኔሮ ቭሪሲስ" ካላችሁ በጆግ ያመጣሉ።

አሁን ስለ ጭንቅላት ልንገራችሁ፣ ይሄን ማንም አይነግራችሁም። በግሪክኛ አዎ "ኔ" ነው፣ አይ ደሞ "ኦሂ" ነው። እዚ ድረስ እሺ። እኛ አገር አዎ ለማለት ቅንድባችንን ከፍ አርገን ትንፋሽ ሳብ እናደርግ የለ፣ ግሪክ ደሞ ቅንድቡን ከፍ አርጎ አገጩን ወደላይ ሲሰብቅ አይ ማለቱ ነው፣ አንዳንዴ ንጭ ይጨምርበታል። ፍፁም ተቃራኒ! አስተናጋጁ እማዬን ዳቦ ልጨምር ወይ ብሎ በእጁ ሲጠይቃት እሷ በኛ ደንብ ቅንድቧን ከፍ አርጋ አዎ አለችው፣ እሱ ቅርጫቱን አንስቶ ሄደ። "ምን አጠፋሁ?" አለችኝ ደንግጣ። ስለዚ በአፋችሁ ተናገሩ፣ በተለይ ስጋ ስትጠይቁ።

4. የስጋውን ነገር ሳታጣሩ አታዙ

ይሄ ደረጃ ለኛ ዋናው ነው። ግሪክ አገር ሱቭላኪና (በእንጨት ተሰክቶ የተጠበሰ ስጋ) ዪሮስ (እየዞረ ተጠብሶ ሚከተፍ ስጋ) ዝም ብላችሁ ካዘዛችሁ በአብዛኛው ሚመጣው የአሳማ ነው። አሳማ ሂሪኖ ነው፣ ዶሮ ኮቶፑሎ፣ በግ አርኒ፣ ፍየል ካትሲኪ፣ የጥጃ ወይ የበሬ ሞስሃሪ። እነዚህን አምስት ቃላት ስልካችሁ ላይ ፃፉ። ሉካኒኮ ቋሊማ ነው፣ ብዙውን ጊዜ አሳማ ነው። ፓንሴታም አሳማ ነው። ብሪዞላ ካለ የአሳማም የጥጃም ስላለ ጠይቁ።

አጎቴን ያሳሳተው ግን የተፈጨው ስጋ ነው። የተፈጨ ስጋ ኪማስ ይባላል፣ ቢፍቴኪ፣ ኬፍቴዴስ፣ ሱጁካኪያ ምናምን ሁሉ ከሱ ነው ሚሰራው፣ ብዙ ቤት ደሞ የበሬውን ከአሳማ ጋር ይቀላቅላል። በምድጃ ሚጋገሩት ሙሳካና (በደበርጃን) ፓስቲትሲዮ (በፓስታ) ውስጥም ኪማስ አለ። ስለዚ ኪማስ ባለበት ሁሉ "ኤሂ ሂሪኖ?" በሉ፣ አሳማ አለበት ወይ ማለት ነው። ከዛ በላይ ሚሻለው ግን ገና ስትቀመጡ "ዴን ትሮሜ ሂሪኖ" ማለት ነው፣ አሳማ አንበላም። አስተናጋጁ ራሱ ከዛ በኋላ ይጠብቅላችኋል፣ እንዲያውም ሜኑውን ይዞ እየሰረዘ ያሳያችኋል።

ታዲያ ምን ይበላ? ፓይዳኪያ! የበግ ጎድን ነው፣ ቀጠን ቀጠን ተደርጎ ተቆርጦ በፍም ተጠብሶ ጨው ኦሬጋኖና ሎሚ ብቻ ነው ያለበት፣ በእጅ ነው ሚበላው፣ ግሪኮቹም በእጃቸው ነው ሚበሉት ስለዚ ማንም አያፍርም። በኪሎ ይታዘዛል፣ አንድ ኪሎ ከሌላው ምግብ ጋር ሶስት አራት ሰው ያጠግባል። በምድጃ የተሰራ ከፈለጋችሁ አርኒ ሌሞናቶ በሎሚ የተሰራ በግ ነው። ሞስሃሪ ኮኪኒስቶ ደሞ የጥጃ ስጋ በቲማቲም ቀስ ብሎ የበሰለ ነው፣ ኮኪኒስቶ ቃሉ የቀላ ማለት ነው፣ ቀይ ወጥ በሉት ያለ በርበሬ። ዱለት ወዳድ ካለ ኮኮሬትሲ እዘዙለት፣ የበግ ወይ የፍየል ጉበት ልብ ሳንባ በአንጀት ተጠቅልሎ ፍም ላይ እየዞረ ሚጠበስ ነው፣ አጎቴ አንድ ጊዜ ከቀመሰው በኋላ ሌላ ነገር አላዝም ብሏል።

ጥብሱ ሁሉ አንድ ፍርግርግ ላይ ነው ሚጠበሰው፣ አሳማውም በጉም ጎን ለጎን። ይሄ ሚከብደው ሰው ካለ የምድጃውን ምግብ ይዘዝ። ሙስሊም ዘመድ ካላችሁ ደሞ ተራ ታቬርና ውስጥ ያለው ስጋ ሀላል አይደለም፣ አሳና የአትክልት ምግብ ነው ሚያዋጣው፣ ክራሳቶ ሚል ካያችሁ በወይን የበሰለ ማለት ስለሆነ ተጠንቀቁ።

5. ፆም ከሆነ

አሁን ደስ ሚለኝ ቦታ ደረስን። ግሪኮች ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ይፆማሉ፣ ረቡዕና አርብም አላቸው። ስለዚ እንደ ሌላ አገር "ቪጋን ነኝ" ብላችሁ መጨነቅ የለም፣ "ኒስቴቮ" በሉ፣ እፆማለሁ ማለት ነው፣ የፆም ምግቡ ደሞ ኒስቲሲማ ይባላል። ፋሲካችን አንድ ቀን ነው ሚውለው፣ ግን የነሱ አብይ ፆም 48 ቀን ሲሆን የኛ ሁዳዴ 55 ስለሆነ እኛ ቀድመን እንገባለን፣ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እነሱ ገና አልጀመሩም። የነሱ መጀመሪያ ቀን ካታራ ዴፍቴራ ይባላል፣ ንፁህ ሰኞ፣ የዛን ቀን ላጋና ሚባል ጠፍጣፋ ዳቦ ይጋገራል፣ በአመት አንዴ ነው ሚገኘው፣ እዚህ ካላችሁ እንዳያመልጣችሁ። ፍልሰታም አላቸው፣ የነሱ ከኦገስት 1 እስከ 14 ነው፣ የኛ ነሀሴ 1 በነሱ ኦገስት 7 ስለሆነ አንድ ሳምንት ገደማ አብረን እንፆማለን፣ ከዛ እነሱ በ15 በግ ሲያርዱ እኛ ገና ሱባኤ ላይ ነን።

ግን ወጥመድ አለ። ሁለተኛ ጊዜ እማዬን ይዤ ስሄድ በኩራት "ኒስቴቩሜ፣ ኒስቲሲማ ፌርቴ ማስ" አልኩ፣ የፆም አምጡልን፣ ሰውየው ደስ ብሎት ሄዶ ኦክቶፐስ ከነእግሩ፣ ካላማሪና ሽሪምፕ ደርድሮ መጣ። እማዬ አማተበች። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ግሪኮች በፆም አሳ አይበሉም፣ ደም የላቸውም ሚሏቸውን ሽሪምፕ ኦክቶፐስ ግን ይበላሉ። እኛ ጋ ደሞ በፆም አሳ ሚበላው ብዙ ነው፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባህር ነገር ግን በፆምም በፍስክም አንነካም። ልክ የተገለበጠ። ስለዚ "ሆሪስ ታላሲና" ብላችሁ ጨምሩ፣ ያለ ባህር ምግብ።

ከዛ በኋላ ያለው ለእናቶች ገነት ነው። በወይራ ዘይት የተሰራ አትክልት በሙሉ ላዴራ ይባላል። ፋሶላኪያ ፎሶሊያ በቲማቲም ነው፣ ስሙ ራሱ ዘመዳችን ነው። ጊጋንዴስ ትልልቅ ነጭ ባቄላ በምድጃ። ዬሚስታ በሩዝ የተሞላ ቲማቲምና ቃሪያ፣ ስጋ ሚከቱበት ቤት ስላለ ጠይቁ። ዶልማዳኪያ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ። ሆርታ ተቀቅሎ ዘይትና ሎሚ የፈሰሰበት ቅጠላ ቅጠል ነው፣ ጎመናችን ማለት ነው ነጭ ሽንኩርት የሌለው። ፋቫ ደሞ ስሙ እንዳያሳስታችሁ፣ ባቄላ አይደለም፣ ቢጫ ክክ ተቀቅሎ ተፈጭቶ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት የተደረገበት ነው፣ እማዬ አንዴ በዳቦ ጠቅሳ "ይሄማ ክክ አልጫ ነው እርድ የረሱበት" አለች። የሳንቶሪኒ ደሴቱ ፋቫ የጓያ ዘመድ ከሆነ እህል ነው ሚሰራው፣ ይሄን ስነግራት ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ ስለዚ ለእናቶች አትንገሩ።

ለፆመኛ ሚያስቸግሩት የተደበቁት ናቸው፣ ድንች ጥብስ ላይ አይብ ይፈጩበታል፣ የዝኩኒው ኬፍቴዴስ ውስጥ ፌታ (ነጩ የግሪክ አይብ) እና እንቁላል አለ፣ ስፓናኮፒታ የጎመን ብቻ ይመስላል ግን አይብ አለበት፣ ዶልማዳኪያው ላይ እርጎ ጣል ያደርጋሉ፣ የደበርጃኑም ሰላጣ አንዳንድ ቤት እርጎ ወይ ማዮኔዝ ይገባበታል፣ ታራሞሳላታ ሮዝ ቀለም ያለው የአሳ እንቁላል ነው። "ሆሪስ ቲሪ" ያለ አይብ ማለት ነው፣ በየምግቡ ደጋግሙት።

6. ማዘዝ፣ "ኦላ ስቲ ሜሲ"

እሺ አሁን አስተናጋጁ ወረቀት ይዞ ቆሟል። መጀመሪያ ምትሉት "ኦላ ስቲ ሜሲ" ነው፣ ሁሉንም መሀል ላይ። (የእህቴ ልጅ ሜሲ ሲባል ኳስ ተጫዋቹ መስሎት ዞር ዞር እያለ ሲፈልግ ነበር።) እኔ ሜሲ ስል መሶብ እያልኩ ነው ማስታውሰው። ከዛ ለያንዳንዱ ሰው ባዶ ሰሀን ይሰጣል፣ ምግቡ መሀል ላይ ይሆናል፣ ሁሉም ይነሳል።

ለአምስት አዋቂና ለሁለት ልጅ እኔ አሁን ማዘው እንዲህ ነው። ሆሪያቲኪ ሁለት፣ የመንደር ሰላጣ ማለት ነው፣ ቲማቲም ኪያር ሽንኩርት ቃሪያ ወይራ ሆኖ ከላይ አንድ ወፍራም ፌታ የተጫነበት፣ ሰላጣ ቅጠል ካለበት የግሪኩ አይደለም። ፆመኛ ካለ አንዱን ሆሪስ ቲሪ። ዛዚኪ አንድ፣ እርጎ በኪያርና በነጭ ሽንኩርት፣ ከጥብስ ጋር ሲሄድ ልክ አይብ ከክትፎ ጋር እንደሚሄደው ነው። ፋቫ አንድ፣ ሆርታ አንድ፣ ጊጋንዴስ አንድ፣ ድንች ጥብስ ሁለት። ከዛ ፓይዳኪያ አንድ ኪሎና አንድ ኮቶፑሎ ለልጆቹ። በቃ። ይሄ ትንሽ ይመስላችኋል፣ አይደለም። ቢጎድል ትጨምራላችሁ፣ ታቬርና ውስጥ አንዴ አዘህ ጨረስክ ሚባል ነገር የለም፣ በየመሀሉ መጥራት ነው። እንዲህ ሲታዘዝ ከነመጠጡ በሰው ከ15 እስከ 25 ዩሮ ገደማ ይወጣል፣ አሳ ካልገባበት።

ምግቡ እንደ ተራው አይመጣም፣ የደረሰው ይመጣል፣ ድንቹ ከሰላጣው ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ዘገየ ብላችሁ ከጠየቃችሁ "ሲጋ ሲጋ" ይላችኋል፣ ቀስ በቀስ ማለት ነው። አጎቴ ስጋ ስጋ ያለው መስሎት ደስ ብሎት ሹካውን አነሳ፣ ከዛ ሀያ ደቂቃ ጠበቅን።

የሰላጣው ዘይትና የቲማቲም ውሀ ሰሀኑ ስር ሲቀር ዳቦ እየነከሩ መብላት ነውር አይደለም፣ ፓፓራ ይሉታል፣ ስም ሰጥተውታል እኮ። ሚጥሚጣ ናፋቂ ካለ ምግባቸው አያቃጥልም፣ ቡኮቮ ብላችሁ ጠይቁ፣ የተከተከተ ቀይ ቃሪያ ነው፣ ቲሮካፍቴሪም ሚያቃጥል ፌታ ነው። እማዬ ግን አታምናቸውም፣ ሚጥሚጣዋን በትንሽ ጠርሙስ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ነው ምትመጣው፣ አንዴ ባለቤቱ አይቶ ቀምሶ እንባው ወርዷል።

7. አሳ ካዘዛችሁ ሚዛኑን እዩ

ሜኑ ላይ አሳ ዋጋው የሰሀን ሳይሆን የኪሎ ሊሆን ይችላል። ሰው ሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፣ ኪሎው 60 ዩሮ ሆኖ አንዱ አሳ 800 ግራም ቢመዝን 48 ዩሮ ነው፣ ሚመዘነውም ሳይበስል ነው። ስለዚ ተነሱና ፍሪጁ ጋ ሂዱ፣ አሳዩኝ በሉ፣ አይኑን እዩ፣ ያበራ ከሆነ ትኩስ ነው፣ ፊታችሁ ይመዝኑላችሁ፣ ዋጋውን ስሙ ከዛ እሺ በሉ። ይሄ ነውር አይደለም፣ ግሪኩም እንደዛ ነው ሚያደርገው። በወጪ በኩል ጋቭሮስና ሳርዴላ ሚሻሉ ናቸው፣ ትናንሽ አሳ ናቸው፣ በሰሀን ይሸጣሉ፣ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻሉ። ትሲፑራና ላቭራኪ ሚባሉት አሳዎችም በእርባታ ያደጉት ረከስ ይላሉ። ሜኑው ላይ ኮከብ ምልክት ወይ "ካት" ሚል አጭር ፅሁፍ ካለ በረዶ ውስጥ የነበረ ነው ማለት ነው፣ እንዲፅፉ ህጉ ያስገድዳቸዋል።

8. መጠጥ

የቤት ወይን ሂማ ይባላል፣ ሚገርመው በሊትር ሳይሆን በኪሎ ነው ሚታዘዘው፣ "ሚሶ ኪሎ" ግማሽ ኪሎ። በጣሳ መሳይ ጆግና በትናንሽ ብርጭቆ ይመጣል፣ ለራሳችሁ ብቻ አትቅዱ፣ ለጎረቤት ቅዱ፣ ከዛ "ያ ማስ"፣ ለጤናችን። ሬትሲና ሚሉት የጥድ ሙጫ ሚሸት ወይን ነው፣ አጎቴ "እጣን አጠጡኝ" ብሏል፣ እኔ ወድጄዋለሁ። ኡዞን አገር ቤት ሁላችንም እናውቀዋለን፣ እዛ በስፕራይት ሚጠጣውን እዚህ በውሀና በበረዶ ነው፣ ውሀው ሲገባበት ወተት ይመስላል፣ ከምግብ ጋር እንጂ ለብቻው አይወርድም። በስፕራይት ስጡኝ ካላችሁ ይሰጧችኋል ግን ፊታቸውን ማየት ነው።

9. ልጆች

አትጨነቁ። የግሪክ ልጆች ሌሊት 6 ሰዓት ድረስ በጠረጴዛ መሀል ይሮጣሉ፣ የናንተም ይሩጡ። ወረቀቱ ላይ እስክሪብቶ ስጧቸው። ከጠረጴዛ ስር ድመት አይጠፋም፣ እንዳይጎትቱ ብቻ። ውጪ ከተቀመጣችሁ የጎረቤት ሲጋራ ሊያስቸግር ስለሚችል ህፃን ካለ ዳር ያለ ጠረጴዛ ጠይቁ።

10. መጨረሻው

ጣፋጭ እንዳታዙ! ስትጨርሱ ብዙ ቤት ራሱ በነፃ ያመጣል፣ ኬራስማ ይባላል፣ ሀብሀብ ወይ ሀልቫ ወይ እርጎ በማር፣ ለአዋቂ ደሞ አንዳንዴ ትንሽ መለኪያ መጠጥ። አልቀበልም አይባልም። ቡና ከፈለጋችሁ ስኬቶ ያለ ስኳር፣ ሜትሪዮ መካከለኛ፣ ግሊኮ ጣፋጭ ነው፣ አተላው ሲኒው ስር ስለሚቀር እስከ መጨረሻው አትጨልጡት፣ ግን ብዙ የድሮ ታቬርና ቡና የለውም። የተረፈውን "ፓኬቶ" ብትሉ አሽገው ይሰጣሉ።

ሒሳብ ካልጠራችሁ አይመጣም፣ ሁለት ሰዓት ብትቀመጡም ማንም አያባርራችሁም፣ "ቶን ሎጋሪያስሞ ፓራካሎ" በሉ። ሲመጣ ኩቬሩን፣ የኪሎውን ሚዛንና ያላዘዛችሁት ውሀ አለ ወይ ሚለውን እዩ። ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ሜኑው ላይ ራሱ ህጋዊ ደረሰኝ ያልተሰጠው ሰው የመክፈል ግዴታ የለበትም ተብሎ ተፅፏል። ጉርሻ ግዴታ አይደለም፣ ጥሩ ካስተናገዷችሁ ከመቶ አምስት እስከ አስር ወይ ሒሳቡን ሞላ አርጎ መተው ነው፣ በካሽ ጠረጴዛው ላይ።

ማን ይከፍላል ሚለው ጠብ ግን እንደኛው ነው፣ ግሪኮቹም እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ጋባዥ ከሆናችሁ ኬራስማው ሳይመጣ በፊት እጅ ልታጠብ ብላችሁ ተነስታችሁ ሹልክ ብላችሁ ከፍላችሁ ተመለሱ፣ ሌላ ዘዴ የለም። እኔም ባለፈው ነሀሴ ይሄንኑ ላደርግ ካርዴን ይዤ ወደ ባለቤቱ ሄድኩ፣ የኛን ጠረጴዛ ሒሳብ አልኩት። ቅንድቡን ከፍ አርጎ አገጩን ወደላይ ሰበቀ። ዞር ስል አጎቴ ከሽንት ቤት በኩል እጁን እየጠረገ እየመጣ ነበር።